ዳታፍሎው ላይ ስም አልገጥም ሲል

ለዱባይ የነርስ ፈቃድ ሰነዶቼን ለዳታፍሎው (የትምህርትና የሥራ ሰነዶችን ከምንጫቸው ለሚያጣራው ድርጅት) አስገብቼ ማጣራቱ ዲግሪዬ ላይ ቆመ። ምክንያቱ ስም ነበር፦ ፓስፖርቴ ላይ የአያቴ ስም «ገብረማርያም» ነው፤ ዲግሪው ላይ «ገ/ማርያም»። እኛ አገር ማንም አይቶ ያልፈዋል፤ እዚያ ግን ሁለት ሰው ይመስላል።

ዲግሪውን በጥራት ስካን አድርጌ መልሼ ላክሁ፤ አልሆነም። የቀበሌ መታወቂያ አስተርጉሜ ጨመርኩ፤ እሱም አልሆነም። ማረጋገጫው የሚጠየቀው በቀጥታ ከተማሩበት ተቋም ነዋ።

የሠራው ይሄ ነው፦ ሁለቱም ስሞች የአንድ ተማሪ መሆናቸውን የሚገልጽ፣ የተማሪ ቁጥሬና የምረቃ ዓመቴ ያለበት፣ ማኅተም ያረፈበት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ከሬጅስትራር አውጥቼ አያያዝኩ። ስትሄዱ የፓስፖርታችሁን ኮፒ ያዙ፤ አንድ ፊደል እንኳ እንዳይለይ እዚያው ቆማችሁ አስተያዩ። ሬጅስትራሩ አሁን የሚጠቀምበትን ኢሜይልም አስጽፉበት። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁ ላይ ስሙ አጥሮ ከሆነ አብራችሁ አስተካክሉ፤ እሱም ለብቻው ይጣራል።