ምግብ መቀነስና እርጅና፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሁዳዴ እማዬ ቡና አፍልታ ከበርጩማዋ ስትነሳ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ተጭና መሆኑን አየሁ። በጥቅምት እንዲህ አልነበረችም። «ተዪኝ ልጄ፣ እንዲያውም ቀሎኛል» አለችኝ። 71 ዓመቷ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የምትቀምሰው አንድ እንጀራ በቀጭን ሽሮ ነው፤ ከዚያ ሻይ ጠጥታ ትተኛለች። ትንሽ የሚበላ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ሲባል ሰምታለች። የሰማችው ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው የደረሳት። ይህን የምጽፈው በቀረው ግማሽ ምክንያት ነው።

ትልቁ ስህተት መቀነስንና መጎዳትን አንድ ማድረግ ነው። ትንሽ መብላት ዕድሜ ያረዝማል የሚለው ጥናት ዋና መነሻ የሆነው በ1935 እ.ኤ.አ. ክላይቭ ማኬይና ባልደረቦቹ አሜሪካ በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ሥራ ነው። ምግባቸው የተቀነሰባቸው አይጦች እንደልባቸው ከበሉት በላይ ዕድሜ አገኙ። ሁልጊዜ ተዘሎ የሚነገረው ግን ሌላው ነው፦ የቀነሱባቸው ኃይል ሰጪውን እንጂ ቫይታሚኑንና ማዕድኑን አልነበረም። ሁሉም ነገር አብሮ ሲጎድል ምን እንደሚመጣ በሰው ላይ ታይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለስድስት ወር በቀን 1,600 ካሎሪ በማይሞላ፣ ድንችና ዳቦ በበዛበት ምግብ ኖሩ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ ብርድ አልለቅ አላቸው፣ እግራቸው አበጠ፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጡ ጀመር፣ ቀን ከሌት የሚያስቡት ስለ ምግብ ብቻ ሆነ።

ሌላው ስህተት በእንስሳ የታየውን ቁጥር እንዳለ ወደ ራስ ማዕድ ማምጣት ነው። እዚህ ላይ የዝንጀሮዎቹ ጉዳይ ብዙ ያስተምራል። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተቋማት ሬሰስ ዝንጀሮዎችን ከ20 ዓመት በላይ ተከታተሉ። የዊስኮንሲኑ በ2009 እ.ኤ.አ. ምግብ የተቀነሰላቸው በዕድሜ መግፋት በሚመጡ በሽታዎች የሚሞቱት ጥቂት እንደሆኑ አስታወቀ፤ የብሔራዊ የእርጅና ተቋሙ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. በዕድሜ ርዝመት ልዩነት አላገኘሁም አለ። ብዙ ሰው «እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ» ብሎ ተወው። ሳህኑን ያየ ግን ምክንያቱን ይጠረጥራል። የዊስኮንሲን ምግብ 28 በመቶ ገደማው ስኳር ነበር፣ ለማነጻጸሪያ የተያዙት፣ ምግብ ያልተቀነሰባቸው ዝንጀሮዎችም እስኪጠግቡ ይበሉ ነበር፤ በሌላው ተቋም ስኳሩ 4 በመቶ ገደማ ነበር፣ ማነጻጸሪያዎቹም በልክ ነበር የሚበሉት። ቀድሞውኑ በልክ ለሚበላ ተጨማሪ መቀነስ የሚያስገኘው ጥቅም ያነሰ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በሰው ላይ በተደረገው የሁለት ዓመት ሙከራ፣ ውፍረት የሌለባቸው ከ200 በላይ ሰዎች ከሚያገኙት ካሎሪ ሩቡን እንዲቀንሱ ታቅዶ ነበር፤ በተግባር የቻሉት 12 በመቶ ያህል ነው። በዚያም ቢሆን የደም ግፊታቸውና መጥፎው ኮሌስትሮል ወረደ። የአጥንት ጥንካሬያቸውም ግን አብሮ ቀነሰ፤ ይህኛውን የሚያወራው ጥቂት ሰው ነው።

«በተራብኩ ቁጥር እጠነክራለሁ» የሚሉም አሉ። ሐሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም። ምግብ ሲያንስ ህዋስ ማደጉን ጋብ አድርጎ ወደ ጥገና ይዞራል፤ ያረጀውን ክፍሉን ፈጭቶ መልሶ ይጠቀምበታል። ጃፓናዊው ሳይንቲስት ዮሺኖሪ ኦሱሚ ይህ አሠራር እንዴት እንደሚካሄድ በእርሾ ላይ አሳይቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። ጥገናውም ማገዶ ይፈልጋል እኮ! ምግብ የተቀነሰባቸው አይጦች በኢንፍሉዌንዛ ሲያዙ ጠግበው ከበሉት ይልቅ ብዙዎቹ ሞተዋል። ትኩሳት የያዘው፣ ከቀዶ ጥገና የተነሳ፣ ቁስሉ ያልሻረ ሰው መቀነሻው ጊዜ አይደለም።

ወደ እማዬ ልመለስ። ዕድሜን አለማየት ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው። ለ35 ዓመት ጎልማሳ የሚጠቅመው መቀነስ፣ ጡንቻው በየዓመቱ ለሚሳሳ አረጋዊ እግሩን ይነሳዋል። ለአረጋውያን የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው፤ እማዬ 50 ኪሎ ስለሆነች ከ50 እስከ 60 ግራም ያስፈልጋታል። አንድ ብርጭቆ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ አለው። ጾሟን ሳትፈታ ማሟላት ይቻላል፤ ግን በአንድ እንጀራና በቀጭን ሽሮ አይሆንም። ሽሮው ወፈር አለ፣ ምስርና ክክ በየቀኑ ማዕዷ ላይ ቀረበ፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት የለውዝ ቅቤ በዳቦ ትበላለች። ቢ12 ከጾም ምግብ ስለማይገኝ ሐኪሟ በደም ምርመራ አይቶ ክኒን አዘዘላት። የነፍስ አባቷንም አማከረች፤ ሰዓቱን አሳጠሩላት።

ጾም ሁሉ መቀነስ ይመስላቸዋል አንዳንዶች። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና የጾም ኬክ የሚደራርብ ሰው ሥጋና ወተት ትቶ ይሆናል እንጂ ካሎሪ አልቀነሰም።

የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ፣ ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ መቀነስ ወይም ሰዓት ማራዘም የለበትም። መድኃኒቱ በባዶ ሆድም ስኳሩን ማውረዱን አያቆምም። ላብ ካጠመቀው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወዲያው ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት።