ኮዱ ተቀየረ፣ ገጹ ግን ያው! የጃቫ ክላስ ሪሎድ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብለናል። ከኮምቦልቻ የመጣ ልጅ የእህል መጋዘን ሲስተሙን ያሳየኛል። የኩንታል ስሌቱን አስተካከለ፣ ሴቭ አደረገ፣ ብራውዘሩን ሪፍሬሽ አደረገ። ያው የድሮው ቁጥር። ደገመው። ያው ነው።

«ጋሼ፣ ቶምካት ተበላሸ መሰለኝ።» የጃቫ ዌብ አፑን የሚያስኬደውን ሰርቨር ማለቱ ነው።

«አብሽር፣ ቶምካት ምንም አልሆነም» አልኩት።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፤ ሴቭ ማድረግን ከኮምፓይል (ኮዱን ጃቫ ወደሚያስኬደው ፋይል ከመቀየር) ጋር ማምታታት። ቶምካት የሚከታተለው የጻፋችሁትን የጃቫ ፋይል ሳይሆን ኮምፓይል ሆኖ የወጣውን የክላስ ፋይል ነው። ኮድ መጻፊያው ኤክሊፕስ ሴቭ ስታደርጉ ራሱ ኮምፓይል ያደርጋል። ልጁ ላፕቶፕ ላይ ያለው ሌላ ኮድ መጻፊያ፣ ኢንቴሊጄ፣ ግን አውቶማቲክ ቢልዱ (ራሱ ኮምፓይል የሚያደርገው) አልተከፈተም። ኮንትሮል ኤፍ 9 ሲጫን ቁጥሩ ተቀየረ።

ሁለተኛው፣ ከሆትስዋፕ (ፕሮግራሙ ሳይቆም ኮድ ከመቀየር) የማይችለውን መጠበቅ ነው። ከጄዲኬ 1.4 ጀምሮ በዲባግ ሞድ (ስህተት መፈለጊያው) የሜትድን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍልን፣ ውስጥ ፕሮግራሙ እየሠራ መቀየር ይቻላል። አዲስ ሜትድ ወይም ፊልድ (ዳታ መያዣ) ስትጨምሩ ግን መደበኛው ጄቪኤም፣ ጃቫን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ እምቢ ይላል። የባሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። ስታቲክ ፊልድ (ለክላሱ በሙሉ አንድ የሆነ) ላይ የጤፍ ዋጋ አስቀምጣችሁ ብትቀይሩት «ተሳክቷል» ይላችኋል፤ ዋጋው ግን የድሮው ነው። ክላሱ አንዴ ስለተነሳ ያ መስመር ዳግም አይሠራም። እዚህ ላይ መላው ሪስታርት ማድረግ ነው።

እኔን ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ሦስተኛው ነው። ስፕሪንግ ቡት ዴቭቱልስ (ኮድ ሲቀየር አፑን ራሱ ዳግም የሚያስነሳ መሣሪያ) ላይ «ይህ ክላስ ወደዚያው ክላስ ሊቀየር አይችልም» የሚል ስህተት መጣ። ሁለቱም ስም አንድ ነው! ደሴ ገበያ መሃል ቆማችሁ «ሰይድ!» ብትሉ ስንቱ ይዞራል? የአባት ስም ያስፈልጋል። ለጃቫ የአባቱ ስም ክላስሎደሩ፣ ክላሱን ሜሞሪ ላይ የጫነው ክፍል፣ ነው። ዴቭቱልስ የእናንተን ኮድ በአንድ ክላስሎደር፣ የማይቀየሩትን ጃሮች (የላይብረሪ ፋይሎች) በሌላ ይጭናል። ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ የቆየ የድሮ ኦብጀክት ካለ ከአዲሱ ጋር አይተዋወቅም። ካሹን አጥፉት።

ቶምካትም ሪሎድ ሲያደርግ አሮጌውን ክላስሎደር ጥሎ አዲስ ይፈጥራል። እናንተ ያስነሳችሁት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) አሮጌውን ከያዘው ግን አይለቅም። የድሮው ተከራይ ሳይወጣ አዲስ እንደማስገባት ነው። ከጃቫ 8 በፊት ክላሶች የሚቀመጡበት ሜሞሪ፣ ፐርምጄን፣ ይሞላ ነበር፤ አሁን የተካው ሜታስፔስ ያብጣል። አፑ ሲዘጋ ትሬዶቻችሁን አስቁሙ።

ሴሽን (የተጠቃሚው ጊዜያዊ መረጃ) ውስጥ የምታስቀምጡትን ሲሪያላይዘብል (ተጽፎ ተቀምጦ መልሶ የሚነበብ) አድርጉት፤ አለዚያ በሪሎድ ይጠፋል።

የቶምካትን ሪሎደብል፣ ክላስ ሲቀየር ራሱ ሪሎድ የሚያደርገውን ሴቲንግ፣ ደግሞ ደንበኛው ሰርቨር ላይ ከፍታችሁ እንዳትሄዱ። ፋይል ሲከታተል የሚፈጀው ጉልበት ቀላል አይደለም፤ የቶምካት መመሪያም አይመክረውም። ልጁ የመጋዘኑን ሰርቨር ሲፈትሽ ክፍት ነበር፤ ወደ ሐረጎ ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት እዚያው ዘጋው።