30,031 ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ማታ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር ጋቢ ተከናንበን ነው የምንሠራው። ሰሞኑን አንድ ቁጥር ይዘን አመሸን፤ 30,031። ስድስቱን የመጀመሪያ ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ፕራይም የምንላቸውን 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13ን አባዙና 1 ጨምሩ፤ እሱ ይመጣል።

የ3ን ሕግ ለ7 ማዋል

አሃዞቹ ሲደመሩ 7 ይሆናሉ። አንዱ ልጅ ወዲያው "ለ7 ይካፈላል!" አለ። አይካፈልም፤ 1 ይተርፋል። አሃዝ መደመር የሚሠራው ለ3 እና ለ9 ነው፤ ምክንያቱም 10 ለነሱ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ለ7 ሲካፈል ግን ቀሪው 3 ነው። ሕግን ከነምክንያቱ ያዙት፤ ያኔ የት እንደሚያበቃም ታውቃላችሁ።

ለ11ም አሃዝ መደመር

አሃዝ በአሃዝ መደመር ለ11ም አይሠራም፤ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መደመር ግን ይሠራል። ይህ የተገለጠበትን መንገድ በጣም ነው የወደድኩት። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ በግዕዝ ጻፈው፦ ፫፼፴፩። ሦስት እልፍ ከሠላሳ አንድ። የግዕዝ ቁጥር በመቶ በመቶ ነው የሚሄደው። 100 ለ11 ሲካፈል ደግሞ 1 ይተርፋል፤ እልፍም መቶ ጊዜ መቶ ስለሆነ እንዲሁ። ስለዚህ 3ን እና 31ን ብቻ ደምሩ፦ 34። ከ33 በኋላ 1 ቀረ፤ ለ11 አይካፈልም። ልጁ ጣቱን ፼ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆየ። የአባቶቻችን አጻጻፍ ሥራውን ግማሽ ሠርቶ ሰጠው።

ቶሎ ማቆም

አንዷ በስድስቱም ሞከረች። ሁሌም 1 ይተርፋል። "ቲቸር፣ ብቸኛ ቁጥር ነው" አለችኝ። አይደለም፦ 59 ሲባዛ በ509፣ 30,031 ነው። ብዙ ሰው የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ የተናገረውን እዚህ ላይ ያጣምመዋል። እሱ ያለው አዲሱ ቁጥር ብቸኛ ነው ሳይሆን፣ ብቸኛ አካፋዮቹ ከስድስቱ ውጭ ናቸው ነው። መሞከር ያለባችሁ እስከ ስኩዌር ሩቱ ነው። 173 በራሱ ሲባዛ 29,929፣ 174 ደግሞ 30,276 ይሆናል፤ ስለዚህ እስከ 173 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ማየት ነው። አርባ ናቸው። 59 አሥራ ሰባተኛው ነው፤ ልጅቷ አሥራ አንድ እርምጃ ሲቀራት ነው የተመለሰችው።

አካፋይ ሲቆጥሩ 1ን እና ራሱን ቁጥሩን መርሳት

30,031 አራት አካፋዮች አሉት፦ 1፣ 59፣ 509 እና ራሱ። ጎረቤቱ 30,030 ግን 64 አለው።

ኤክሴልን ማመን

ኤክሴል ከቁጥር የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። 1,234,567,890,123,457 ብላችሁ ብትጽፉ መጨረሻውን 7 ወደ 0 ይቀይረዋል። ከዚያ ቁጥሩ ለ10 ይካፈላል ብላችሁ ታርፋላችሁ። ከ15 አሃዝ ካለፈ መጀመሪያ የመጨረሻውን አሃዝ ወረቀት ላይ ጻፉት።