የድሮ ጋዜጣ ላይ «ጓድ» ሲያጋጥማችሁ

አባቴ ደሴ ሸዋ በር ቅመም ሲሸጥ ጥቁር አዝሙዱን የሚጠቀልለው በጋዜጣ ነበር። በኪሎ ይገዛው ከነበረው የተረፈው እስካሁን ቆጣችን ላይ ተከምሯል። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ለመመረቂያ ጽሑፏ ስትበረብረው ዋለችና አቧራዋን ሳታራግፍ ወረደች። «ጋሼ፣ ለካ በጃንሆይ ጊዜም እዚህ ኮሚኒስት ነበር!» ያሳየችኝ ቁራጭ «የሰላም ጓዶች» ይላል። እሷ «ጓድ» ሲባል የምታውቀው የደርግ ጊዜውን የኮሚኒስት መጠሪያ ብቻ ነው። ኬኔዲ የላኳቸው አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች እኮ ናቸው! ከ1955 ጀምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር።

ያን ዕለት ያስተማርኳትን ልንገራችሁ። ምሳሌዎቹን እኔው ነኝ የሠራኋቸው።

መጀመሪያ በ«ጓድ» ቦታ «ቡድን» አስገቡና አንብቡ። «የመልእክተኞች ጓድ ትናንት ተመለሰ»፣ «የሐኪሞች ጓድ ወደ ገጠር ወጣ» ቢል፣ ቡድን ያለ ችግር ይገባል። እንግዲህ የሰዎች ስብስብ ነው ማለት ነው፤ በንጉሡ ዘመን ጋዜጣ የምታገኙት አብዛኛው ይኸኛው ነው። «ቡድን እገሌ» ብላችሁ ምላሳችሁ ከተደናቀፈ ግን ማዕረግ ነው፤ የደርግ ጊዜው ጓድ።

ካላረካችሁ ግሡን እዩ። ስብስቡ «ተመለሰ» ይባላል፣ ባለማዕረጉ «ተመለሱ»፣ «ገለጹ»፣ «አሳሰቡ» ነው። ለሴት «ጓዲት» ይመጣል፤ ይህን ካያችሁ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም። «ጓዳዊ ሰላምታ»ም እንደዚያው ነው፤ ከእናታችሁ ጓዳ ጋር አይገናኝም።

የእህቴን ልጅ ያሳሳታት ግን ከዚህ ሕግ ያፈነገጠው ነው። የሰላም ጓድ የድርጅቱ ስም ሆኖ ሳለ፣ ሰዉ እያንዳንዱን አስተማሪም «የሰላም ጓድ» ይለው ነበር። ስለዚህ «ሁለት የሰላም ጓዶች» ማለት ሁለት ቡድን አይደለም፤ ሁለት ሰው ነው።

የእኛ ጋዜጣ ደግሞ ለመጠቅለያ ስለተቀደደ ቀኑ ያለበት ራስጌ ብዙ ጊዜ የለውም። እዚህ ላይ ማዕረጉ ራሱ ቀን ይነግራችኋል። መንግሥቱ ኃይለማርያም «ጓድ ሊቀመንበር» ከተባሉ ወረቀቱ ከየካቲት 1969 ወዲህ ነው፤ «ጓድ ፕሬዚዳንት» ከተባሉ ከጳጉሜ 1979 ወዲህ። ከግንቦት 1983 በኋላ ባለው ወረቀት «ታጋይ» ቦታውን ሲወስድ ታያላችሁ። «ወሎ ጠቅላይ ግዛት» እና «ወሎ ክፍለ ሀገር» የሚሉትንም ለዚሁ ተጠቀሙባቸው፤ ክፍለ ሀገር የደርግ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ አንዱ ዜና ውስጥ «ጓድ» እና «አቶ» ሲቀላቀሉ ነው። ንግግር ያደረገው ጓድ ይሆናል፣ ስለ አዝመራው የተጠየቀው ገበሬ አቶ። ብዙ ጊዜ የፓርቲው ሰው ማን እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ ጋዜጠኛው ሳያስበው ይነግራችኋል። ስለዚህ ስትጠቅሱ «ጓድ»ን ቆርጣችሁ አትጣሉ፣ ለዛሬ ጆሮ ይመች ብላችሁም በ«አቶ» አትለውጡ። ልጅቱ በመጀመሪያው ረቂቋ ሁሉንም አቶ አድርጋቸው ነበር፤ እንደገና አስጻፍኳት።

አንድ ቁራጭ ብቻ አሸነፈን። «የጓድ» ይልና ከዚያ ወዲያ የአዝሙድ ዘይት የበላው ቀዳዳ ነው። ወደ ቆጡ መለስነው።