አንጋፋ የሮክ ሙዚቀኛ በስተርጅና ያወጣው አልበም ምን አቀባበል እንደገጠመው ለመጻፍ

ስድሳና ሰባ ዓመት የተሻገረ የሮክ ሙዚቀኛ አዲስ አልበም ሲያወጣ የሚጻፍለት ሂስ ለጀማሪ ከሚጻፈው በጣም ይለያል። ሃያሲው አልበሙን ብቻ አይመዝንም፤ የግማሽ ምዕተ ዓመት ዝና፣ የራሱ የጉርምስና ትዝታ፣ «የመጨረሻው ይሆን እንዴ?» የሚል ስጋትም አብረው ይገቡበታል። ስለዚህ የአቀባበሉን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ትልቁ ሥራው ለሰውየው የተሰጠውን ክብር ለአልበሙ ከተሰጠው ፍርድ መለየት ነው። ይህ ካልተለየ ጽሑፉ የምስጋና ደብዳቤ ሆኖ ይቀራል።

አንድም ሂስ ሳያነቡ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ያዳምጡ። በሁለተኛው ዙር ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ርዝመቱን፣ ፍጥነቱን፣ ጎልተው የሚሰሙትን መሣሪያዎች፣ ድምፃዊው የተቸገረበትን ቦታ። ሂስ አስቀድሞ ያነበበ ጆሮ የተነገረውን ነው የሚሰማው። ይህች ማስታወሻ ኋላ ላይ አንድ ሃያሲ ስለ ሦስተኛው ዘፈን የጻፈው በእርግጥ ዘፈኑ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለማመሳከር ትጠቅማለች።

ከዚያ ከ12 እስከ 15 ሂሶች ይሰብስቡ። ካነሰ የአንድ ሰው አስተያየት ምስሉን ያዛባል፤ ከበዛ ያው ሐሳብ መደጋገም ይጀምራል። ምንጮቹ ከአንድ ጎራ መሆን የለባቸውም። እንደ ሞጆና አንከት ያሉ መጽሔቶች አንባቢያቸው ከአንጋፋዎቹ ጋር ያደገ ነው፤ የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጹ ፒችፎርክ የመጣው ከሌላ ትውልድ ነው፤ እንደ ዘ ጋርዲያን ያሉ ጋዜጦች ለሰፊው ሕዝብ ይጽፋሉ። ከየጎራው ቢያንስ ሦስት ይኑር። አልበሙን ያልወደዱ ሁለት ሰዎችንም ሆን ብለው ይፈልጉ። በደንብ ፈልገው ካጡ አጣሁ ብለው ይጻፉ እንጂ ሚዛን ለመጠበቅ ሲሉ የለሰለሰችውን ቅሬታ እንደ ከባድ ነቀፋ አያቅርቡ።

የሰበሰቡትን አምስት ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ ያስገቡ፦ የወጣበት ቀን፣ ሃያሲው፣ የሰጠው ነጥብ፣ ፍርዱን የያዘችው ዐረፍተ ነገር፣ ለፍርዱ ያቀረበው ማስረጃ። ወርቁ ያለው አምስተኛው ዓምድ ውስጥ ነው። «ዛሬም ኃይሉ አልከዳውም» የሚል ሂስ የትኛው ዘፈን፣ የትኛው ግጥም፣ የትኛው የጊታር ምት እንደሆነ ካልጠቀሰ ዓምዱን ባዶ ይተዉት። ሠንጠረዡ ሲሞላ ከአንጋፋ አልበሞች ሂስ ውስጥ ስንቱ ባዶ ዓምድ እንዳለው በግልጽ ይታያል።

ቀኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዴቪድ ቦዊ ብላክስታር የተሻለ ማሳያ የለም። አልበሙ የወጣው ጃንዋሪ 8 ቀን 2016፣ ቦዊ 69 ዓመት በሞላው ዕለት ነው፤ እሱ ያረፈው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 10 ነው። ሕመሙ በሕዝብ ዘንድ ስላልታወቀ ቀድመው የጻፉት ሃያሲያን በብዛት የተናገሩት ስለ ጃዝ ሙዚቀኞቹ፣ ስለ ሳክስፎኑና ስለ ድፍረቱ ነበር። ከጃንዋሪ 10 በኋላ የተጻፈው ግን በየግጥሙ ስንብት ይፈልጋል። ሁለቱም ንባብ ዋጋ አለው፤ በአንድ አንቀጽ ሲደባለቁ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ። የሊዮናርድ ኮኸን ዩ ዋንት ኢት ዳርከርም እንዲሁ ነው፤ ኦክቶበር 21 ቀን 2016 ወጥቶ እሱ ኖቬምበር 7 አረፈ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሠንጠረዡን በቀኑ ለሁለት ይክፈሉት።

ነጥብ ሲመጣ ጥንቃቄ ያሻል። የሃያሲያንን ነጥብ የሚሰበስበው ድረ ገጽ ሜታክሪቲክ የየሃያሲውን ነጥብ ከ100 ወደሚታሰብ ቀይሮ ለአንዳንዱ ምንጭ ከሌላው የበለጠ ክብደት እየሰጠ አማካዩን ያወጣል፤ ክብደቱን ግን ለሕዝብ አይገልጽም። ከ81 ጀምሮ ያለውን «ሁሉን ያስማማ»፣ ከ61 እስከ 80 ያለውን «በአመዛኙ የተወደደ»፣ ከ40 እስከ 60 ያለውን «የተደበላለቀ» ይለዋል። ከአምስት ሦስት ኮከብ የሰጠ ጋዜጠኛ «ደህና አልበም ነው» ማለቱ ነበር፤ ወደ 60 ሲቀየር ግን «የተደበላለቀ» ከሚለው ክፍል ይወድቃል። ስለዚህ አማካዩን ብቻ ይዘው አይጻፉ። ትልቁንና ትንሹን ነጥብ አብረው ያስቀምጡ፤ ሁሉም ከ70 እስከ 80 ያለ አልበምና ግማሹ 100፣ ግማሹ 50 የሰጠው አልበም አማካያቸው ቢቀራረብም ታሪካቸው ለየቅል ነው።

«ከእንዲህ ወዲህ ምርጡ» የሚለውን ሐረግ በተለየ ቀለም ያስምሩበት። ቦዊ ከ1980ው ስኬሪ ሞንስተርስ በኋላ ለዓመታት ያወጣቸው አልበሞች «ከስኬሪ ሞንስተርስ ወዲህ ምርጡ» እየተባሉ ሐረጉ ራሱ መሳቂያ እስኪሆን ደርሷል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ያው መጽሔት ስለ ቀዳሚዎቹ ሁለት አልበሞች የጻፈውን ያውጡና ያስተያዩ። ያንኑ ካለ ዐረፍተ ነገሩን ይጣሉት።

ብዙ ስህተት የሚፈጸመው ስለ ድምፅ በተጻፈው ላይ ነው። «የተሰነጠቀ»፣ «የሻከረ» የሚሉት ቃላት በአንዱ ሂስ ምስጋና፣ በሌላው ወቀሳ ናቸው። ሃያሲው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ለመለየት ሦስት ነገሮችን በጆሮ ይፈትሹ። አንደኛ፣ ከፍ ያሉ ኖታዎችን እየሸሸ ነው ወይ? ከ20 ዓመት በፊት የዘፈነውን አንድ ዘፈን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዞ የሚቆይበትን ከፍተኛ ኖታ ያወዳድሩ። ሁለተኛ፣ ትንፋሹ አጥሯል ወይ? ድሮ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰው የነበረውን ያህል ስንኝ አሁን ለሁለት ይቆርጠዋል። ሦስተኛ፣ ከቅኝት ይወጣል ወይ? ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጎበዝ ፕሮዲውሰር ዜማውን ዝቅ አድርጎ፣ መሣሪያ ቀንሶ፣ ማይክሮፎኑን አቅርቦ ወደ ውበት ይለውጣቸዋል። ፕሮዲውሰሩ ሪክ ሩቢን በ1994 ለአንጋፋው ድምፃዊ ጆኒ ካሽ ያደረገው ይህንን ነው፦ ድምፅና አኩስቲክ ጊታር፣ ሌላ ምንም። በተቃራኒው ድምፁ ለዕድሜው ከልክ በላይ የጠራ ከሆነና ከኖታ ወደ ኖታ የሚሸጋገርበት መንሸራተት ድንገት የሚቆረጥ ከሆነ በሶፍትዌር መታረሙን ይጠርጥሩ። በሚያወዳድሩበት ጊዜ የሁለቱን ቅጂ ከፍታ እኩል ያድርጉ፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ አዳዲስ ቅጂዎችም ብዙውን ጊዜ ይጮኻሉ። የሜታሊካ የ2008 አልበም ዴዝ ማግኔቲክ ከልክ በላይ በመጨመቁ (ዝግ ያለውም ክፍል እኩል እንዲጮኽ በመደረጉ) ድምፁ እየተንኮሻኮሸ ቅሬታ የቀሰቀሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማን እንደጻፈው ማየትም ግድ ነው። የሚክ ጃገር የ2001 ብቸኛ አልበም በሮሊንግ ስቶን መጽሔት አምስት ኮከብ ሲያገኝ ሂሱን የጻፈው ከመጽሔቱ መሥራቾች አንዱና የጃገር የረጅም ጊዜ ወዳጅ ያን ዌነር ነበር። እንዲህ ያለ ዝምድና ካለ ከነጥቡ ጎን በግልጽ ይጻፍ። ሽልማትንም ከሂስ ጋር አያምታቱ፤ ስቲሊ ዳን የተባሉት የሮክ ቡድን ከ20 ዓመት በኋላ ባወጡት አዲስ የስቱዲዮ አልበም በ2001 የግራሚን የዓመቱ አልበም ሲወስዱ ወጣቱን ራፐር ኤሚነምን አሸንፈው ነው፣ ያ ደግሞ ከሃያሲያኑ ይልቅ ስለ መራጮቹ የሚነግረን ይበልጣል። የሽያጭ ደረጃም እንዲሁ ነው። ታማኝ አድናቂ በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚገዛ የአራተኛውን ሳምንት ደረጃ ሳያዩ ምንም አይደምድሙ።

ጽሑፉን በሃያሲ ሳይሆን በጉዳይ ያደራጁት፦ አንድ አንቀጽ ስለ ግጥም፣ አንድ ስለ ድምፅ፣ አንድ ስለ ቅንብር፣ አንድ ስለ ተቃውሞ። «ሃያሲያን ወደዱት» ከማለት ማን የት እንዳለ ይጥቀሱ፤ ጥቅሶቹም ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይለፉ።

በመጨረሻም ጽሑፉ እስከ የትኛው ቀን ያለውን እንደሚያካትት አስፍረው ከአንድ ዓመት፣ ቀጥሎም ከአምስት ዓመት በኋላ ይመለሱበት። ሉ ሪድ ከሜታሊካ ጋር በ2011 ያወጣው ሉሉ የተባለ አልበም ከፒችፎርክ ከ10 1.0 ነው ያገኘው፤ በ2015 ግን የሪድ ባለቤት ሎሪ አንደርሰን፣ ዴቪድ ቦዊ አልበሙን የሪድ ትልቁ ሥራ እንዳለው በአደባባይ ተናግራለች። በ2011 የተዘጋ ሠንጠረዥ ይህ ሁለተኛው ድምፅ የሚገባበት ረድፍ አይኖረውም፤ ስለዚህ ከታች ባዶ ረድፎች ይተዉ።