በኬሞ ወቅት የዕድሜ እኩያ ጓደኛ እንዴት ይገኛል? (ከሐዋሳ)

ለጡት ካንሰሬ የመጀመሪያውን ኬሞ የወሰድኩ ዕለት ማታ ሽንት ቤት ገብቼ ጮህኩ። ሽንቴ ቀይ ነበር። እናቴ ደም መስሏት ባጃጅ ልትፈልግ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ስልኬ ጮኸ። ጠዋት አጠገቤ ግሉኮስ ተሰክቶላት የነበረችው ልጅ ናት። «ሽንትሽ ቀላ አይደል? አትደንግጪ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው።»

እውነቷን ነው። ዶክሶሩቢሲን ራሱ ቀይ ነው፤ እኛ «ቀዩ» የምንለው። ለአንድ ሁለት ቀን ከሽንት ጋር ይወጣል። ሐኪሙም ሳይነግረኝ አይቀርም። ግን ዕድሜዬ 29 ነው፣ ሠርጌ ሊደርስ ነው፣ የዚያን ቀን ምን ጆሮ ነበረኝ?

እንደዚያች ልጅ ያለ ሰው አንድ ይበቃል። አገኛኘቱን ከስህተቴ የተማርኩት እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ቀንሽን እወቂ። ብዙዎቻችን ኬሞ የምንወስደው በየ21 ቀኑ ነው። ዛሬ ሪፈራል ሆስፒታል አብራሽ የተቀመጠችው ከዲላም ትምጣ ከሻሸመኔ፣ ከ21 ቀን በኋላ እዚያው ታገኛታለሽ። ችግሩ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴሏ ከወረደ ሐኪሙ ቀጠሮዋን ይገፋዋል። ያኔ ቀናችሁ ይለያይና ትጠፋፋላችሁ። «ስልክ በሚቀጥለው እንለዋወጣለን» ማለት አያዋጣም።

ነርሷን ጠይቂ። የሌላ ታካሚ ቁጥር እንድትሰጥሽ ሳይሆን፣ ያንቺን ቁጥር በዕድሜሽ ላለች ሴት እንድታቀብልልሽ። የሰው ምስጢር አውጪ ብለሽ አታስጨንቂያት።

የመጀመሪያው ቃል። ከባዱ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ዙሬ ሊደርስ ሲል ለደም ምርመራ አንድ ላቦራቶሪ ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ ሻሽ ያሰረች፣ ቅንድቧ የሳሳ ልጅ ቆማለች። የኔ ቢጤ አገኘሁ ብዬ ደስታዬ ሌላ! «አንቺም የጡት ነሽ? ስንተኛ ዙር?» አልኳት፣ ጮክ ብዬ። አጠገቧ የነበሩት ትልቅ ሴት ዞር አሉ። አማቷ ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት የደም ማነስ እንዳለባት ብቻ ነው። ልጅቷ አመድ መሰለች። «ተሳስተሻል እህቴ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር ወንበር ትቀይራለች። ይቅርታ ለማለት እንኳ ፊት አልሰጠችኝም፤ አልፈርድባትም።

በእኛ አገር ከአማቷ የምትደብቅ አለች። ከእጮኛዋ የምትደብቅም አለች። ቤተሰብ «እባጭ ነው» ብሎ ለራሷ ለታማሚዋ ያልነገራትም አለች። ስለዚህ የበሽታውን ስም አንቺ ቀድመሽ አትጥሪ። ካንሰርም አትበይ፣ ነቀርሳም አትበይ። አስታማሚዋ ወደ ካርድ ክፍል ወይም ወደ ፋርማሲ እስክትሄድ ጠብቂ።

ከዚያ ስለሷ አትጠይቂ፤ ስለራስሽ አንድ ነገር ተናግረሽ ዝም በይ። እኔ አሁን «ዛሬ ደም ስሬን ሦስት ጊዜ ወግተው ነው ያገኙት» እላለሁ። ወይም «ውኃ እንኳ ብረት ብረት ይለኛል»። ያለፈችበት ሴት ይህን ሰምታ ዝም አትልም። «እኔንም!» ካለች ወንበርሽን አስጠጊ። «እግዜር ይማርሽ» ብላ ፊቷን ካዞረች ግን አሜን ብለሽ ተያት። ምናልባት በሦስተኛው ቀጠሮ ራሷ ትመጣለች።

የበሽታው ደረጃ አይጠየቅም። «ስንተኛ ደረጃ ነሽ» የሚለው ጥያቄ ጓደኝነት ሳይጀመር ማወዳደሪያ ነው። ቁጥሯንም አትጠይቂ፤ ያንቺን በወረቀት ጽፈሽ ስጫት። ስትደውል «በምን ስም ልመዝግብሽ?» በያት፤ ስልኳን የሚያይ ሰው ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል። በአንዷ ስልክ ውስጥ እኔ እስከ ዛሬ «ልብስ ሰፊዋ» ነኝ። መርፌ ላይ ክር እንኳ ማስገባት አልችልም።

መገናኘት። ከኬሞው በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ነጭ የደም ሴል በጣም የሚወርድበት ጊዜ ነው። ያኔ ግርግር ውስጥ አትግቡ። ሦስተኛው ሳምንት ይሻላል፤ አፍም ጣዕም ይመለስለታል። ሐይቁ ዳር በሥራ ቀን ጠዋት ጸጥ ይላል። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ከሄዳችሁ ግን ጥሬ ዓሣው ይቅርባችሁ። የሐዋሳ ልጅ ይህን መጻፍ ያማታል፣ ግን ይቅር። ክትፎውም እንደዚያው። በደንብ የበሰለ ጥብስና ትኩስ ሾርባ አለ።

ቴሌግራም። ትልልቅ ግሩፕ አልወድም። ሁለት መቶ ሰው ያለበት ውስጥ ገብቼ በሳምንቱ ወጣሁ፤ ግማሹ ጸሎት፣ ግማሹ የቅጠል ማስታወቂያ ነው። ጸሎቱ ባልከፋ። አራት አምስት ሆናችሁ የራሳችሁን ክፈቱ። ፎቶ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይላክ ከመጀመሪያው ተስማሙ። የመድኃኒት ምክር ደግሞ ጨርሶ አይኑር። የጡት ካንሰር አንድ ዓይነት አይደለም። የኔ እጢ ሆርሞን የሚቀበል ስለሆነ ሆርሞኑን የሚያግደውን ኪኒን፣ ታሞክሲፈንን እወስዳለሁ፤ የጓደኛዬ አይቀበልም፣ ስለዚህ ለሷ አይታዘዝም። «አንቺ ለምን አልተሰጠሽም?» ያልኳት ጊዜ ሐኪሟ የረሳት መስሏት ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች።

እኩያ የምትጠቅመው ከትልልቅ ሴቶች ፊት ለማይጠየቀው ነው። ስለ ልጅ መውለድ ለምሳሌ። ኬሞ እንቁላል ማፍሪያን ሊጎዳ ስለሚችል ይህ ጥያቄ ለሐኪሙ የሚቀርበው ከመጀመሪያው ዙር በፊት ነው። እኔ አፍሬ ዘገየሁ፤ ከኋላዬ ለመጡት ሁሉ ግን እነግራቸዋለሁ። ታሞክሲፈን ከ5 እስከ 10 ዓመት ይወሰዳል፣ እየወሰዱም ማርገዝ አይፈቀድም። በኬሞ ጊዜ ወር አበባ ቀረ ማለት እርግዝና አይመጣም ማለት አይደለም። መከላከያውም ሆርሞን የሌለው እንዲሆን ሐኪምሽን ጠይቂ። በጡት መያዣ ውስጥ ጥጥ እንዴት እንደሚሞላ፣ ለእጮኛ መቼ እንደሚነገር፣ ይሄን ሁሉ ሐይቁ ዳር ነው የተማርኩት።

ትኩሳት ግን ለጓደኛ አይጻፍም። ቴርሞሜትር ግዢ፤ 38 ካለፈ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። «እስቲ እስኪነጋ ልይ» አይባልም።

ጓደኛሽ ልትሞት ትችላለች። ይህን ዘልዬ ባልፍ እዋሻለሁ። እኛ ከአምስታችን አንዷን ቀብረናል፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ግሩፑ ላይ ማንም አልጻፈም። ስለዚህ ገና ስትተዋወቁ የአንድ ቤተሰቧን ቁጥር ተቀበዪ፣ ያንቺንም ስጪ። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ የቀይ ሽንቷን ልጅ አምስት ቀን ደወልኩላት፤ አይነሳም። ጥቁር ልብሴን አውጥቼ አጠብኩ። በ21ኛው ቀን ላቦራቶሪ ሰልፍ ላይ ቆማ አገኘኋት። ስልኳ መናኸሪያ ተሰርቆ ኖሯል። «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አለችኝ።