ሙቀት፣ ከዚያ ብርድ፦ የታይሮይድ ዕጢ ሲቆጣ

እህቴ ጥር ላይ ሴት ልጅ ወለደች። በ80ኛው ቀን፣ በክርስትናው ዕለት፣ ቡናውን እኔ ካልቀዳሁ ብላ ተቀመጠች። ስኒው ረከቦቱ ላይ ሲያርፍ ይንቀጫቀጫል። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። እኛም «የባሕር ዳር ሚያዝያ ነው፣ ማን ያላላበው አለ?» አልን። ነሐሴ ላይ ያችው ሴት ጋቢ ደርባ፣ ካልሲ አጥልቃ ከሰል ዳር ትውል ጀመር። «ክረምቱ ነው፣ የጣና ንፋስም አለ» አልን። ሁለቱንም ጊዜ አየሩን ወቀስን። ችግሩ ግን አንገቷ ላይ ነበር።

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብላ ያለች፣ ቢራቢሮ የምትመስል ዕጢ ናት። ስታብጥ እንቅርት የምንለው እሷን ነው። ሰውነታችን በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የሚወስን ሆርሞን ታመርታለች፤ ለሳምንታት የሚበቃም አከማችታ ታስቀምጣለች። ጎተራ በሉት። ዕጢዋ ስትቆጣ ጎተራው ይሸነቆርና የተከማቸው በአንዴ ይፈስሳል። ያኔ ልብ ይሮጣል። ጎተራው ባዶ ሲቀር፣ ዕጢዋ ገና ሳታገግም፣ ሁሉ ነገር ይቀዘቅዛል። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ወደ ጤናው ይመለሳል። ስለዚህ አንድ በሽታ በተለያየ ወር ተቃራኒ መልክ ያሳያል። ምልክቱን ስታዩ መቼ እንደጀመረም አብራችሁ ቁጠሩ።

አንገት ሲነኩት ያማል፣ ሕመሙ ወደ ጆሮና መንጋጋ ይወጣል

ከጉንፋን በኋላ ባሉት ሳምንታት የመጣ ከሆነ፣ ቫይረስን ተከትሎ የሚመጣው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ቶንሲል መስሎት አንቲባዮቲክ ይገዛል። አይሠራለትም። የሚረዳው እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ነው፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት ግን ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። ሕመሙ ከጠና ሐኪም ፕሬድኒሶሎን የተባለ ጠንከር ያለ ቁጣ አብራጅ መድኃኒት ያዝዛል። እሱም ቀስ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው፣ ሻል አለኝ ብሎ በአንድ ቀን አይጣልም። አንገት በአንድ ወገን ቀልቶ ካበጠ፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ መዋጥ ካቃተ ግን መግል ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እየበሉ መክሳት፤ አንገት ግን አያምም

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ቆም ልበል። ሁለት ነገሮች አንድ ዓይነት የደም ውጤት ያሳያሉ። ዕጢዋን «ሥሪ» ብሎ የሚያዘው ሆርሞን፣ ቲኤስኤች፣ ይወርዳል፤ ዕጢዋ ራሷ የምታመርተው ሆርሞን፣ ቲ4፣ ይወጣል። አንዱ ግሬቭስ የሚባለው ሲሆን ዕጢዋ ያለልክ ታመርታለች። ሌላው የተሸነቆረው ጎተራ ነው። ለግሬቭስ የሚሰጠው ማምረቻውን የሚያቆም ክኒን ለሁለተኛው አይረባም፤ የፈሰሰው አስቀድሞ የተመረተው ነውና። እህቴ በአንድ የደም ውጤት ወረቀት ብቻ ይህ ክኒን ታዘዘላት። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። በኋላ ያያት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቃት «ከወለድሽ ስንት ወርሽ ነው?» ብሎ ነው። ያን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ከወሊድ በኋላ ያለው ዓይነት ሙቀቱ የሚጀምረው ከ1ኛው እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ቆይቶ ይበርዳል። ዓይን ካፈጠጠ ወይም ምልክቱ ከዚያ በላይ ከዘለቀ ወደ ግሬቭስ ያዘነብላል፤ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ይለየዋል። እስኪያልፍ ድረስ የልብ ምቱን ለማብረድ ፕሮፕራኖሎል ይሰጣል። አስም ያለበት ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ ይህ መድኃኒት ለእሱ አይሆንም። የምታጠባም እናት ማጥባቷን ትናገር። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ካመመ ወይም ልብ ወጣ ገባ እያለ ከመታ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ብርድ፣ ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ ማበጠሪያው ላይ የሚቀር ፀጉር

ይህ ባዶው ጎተራ ነው። ከወለደች ሴት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ4ኛው እስከ 8ኛው ወር ይታያል። አራስነት አደከማት ተብሎ ይታለፋል፤ ሐዘንና ድብርትም ይመጣል፣ ባልም ጎረቤትም «ሰነፈች» ይላል። አልሰነፈችም። ደሟን ትመርመር። ቲኤስኤች ወጥቶ ሲገኝ፣ ምልክቱ ቀላል ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቆ መድገም ይበቃል። ከጠና ወይም ሌላ እርግዝና ከታሰበ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ይጀመራል።

ይህ ክኒን አወሳሰዱ ላይ ጥብቅ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። ቡናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። እናታችን ከዘጌ ያስመጣችውን ቡና ማለዳ ስታፈላ፣ እህቴ ክኒኗን በአንደኛው ስኒ ነበር የምታወራርደው። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል። ለአራስ የሚሰጠው የብረትና የካልሲየም ክኒንም በ4 ሰዓት ይራቅ።

ጨው ላይም አንድ ቃል። አንገቴ አብጧል ብሎ አዮዲን ፍለጋ የሚሮጥ አለ። የአዮዲን እጥረት እንቅርት ያመጣል፣ እውነት ነው። የተቆጣች ዕጢ ላይ ግን ከልክ ያለፈ አዮዲን ይብሳል። የተለመደው አዮዲን ያለው ጨው ይበቃል።

ዓመት አለፈ፣ ጤናው አልተመለሰም

ያኔ ሀሺሞቶ ይጠረጠራል። ስሙን ያገኘው በ1912 እ.ኤ.አ. ከገለጸው ጃፓናዊ ሐኪም ነው። የሰውነት መከላከያ ዕጢዋን ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ይጎዳታል፤ አንዳንዴ ያለ ምንም ሕመም። ክኒኑ ብዙ ጊዜ የዕድሜ ልክ ይሆናል፣ ግን በትክክል ከተወሰደ ሰው እንደ ልቡ ይኖራል። በ12 ወር ውስጥ የዳነችም ሴት በየዓመቱ ቲኤስኤች ትለካ፤ በሚቀጥለው እርግዝና ሊመለስ ይችላልና አስቀድማ ትናገር።

እህቴ ቀኖቹን የጻፈችው በልጇ የክትባት ካርድ ጀርባ ላይ ነው። «ሚያዝያ 4 እጄ ተንቀጠቀጠ። ሐምሌ 20 በረደኝ።» ሐኪሙ ካርዱን ገልብጦ አነበበ፣ ያን የመጀመሪያውን ክኒን አስቆመ። የሚቀጥለው ምርመራ ጥር ላይ ነው፣ ልጅቷ ዓመት በምትሞላበት ወር።